ሁለት ሰው ያለበት ዘርፍ

ቁጥር የሚወድ ሰው አይወደድም። ይህን ያስተማረችኝ ካርቱም ናት። አገር ቤት ሳለሁ ደሴ ላይ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ቆጣሪ ነበርኩ። ደርግ ሲወድቅ በመተማ በኩል ወጣሁና ካርቱም ባሕሪ ገበያ መግቢያ ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ፣ ወንበር አስቀምጬ፣ ደብዳቤና ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ። ፊት ለፊት ጋሽ ጸጋዬ ይሉኛል። ከኋላዬ ምን እንደሚሉኝም አውቃለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።

ያኔ መረዳጃ ማኅበራችን በስሙ ሃያ የሥራ ፈቃድ ነበረው። ሩክሳ እንለዋለን፤ ከሃያው አንዱ የኔ ነበር። ሩክሳ የሌለው ሰው ፖሊስ ባየ ቁጥር ዕቃውን ጠቅልሎ ይሮጣል። ፈላጊው ከሃያ በላይ ስለነበረ በየዓመቱ ሥራው የደከመበት ሰው ሩክሳውን ለተራ ጠባቂ ይለቅ ነበር። ደካማውን የሚለዩት ሁሉንም በአንድ ላይ አወዳድረው ነው። ገቢውን እውነት የሚናገር ነጋዴ ስለሌለ በየበሩ የሚገባው ሰው ይቆጠራል። ታዲያ ምግብ ቤት ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ሰዓት አዳሽ ሁልጊዜ ይባረራል። ሰው በቀን ሦስቴ ይበላል፤ ሰዓቱ በቀን ሦስቴ ይበላሻል እንዴ?

ይህን በስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ሁሉም በዘርፉ ይመደብ፤ ምግብ ቤት ከምግብ ቤት፣ ስፌት ከስፌት፣ ፀጉር ቤት ከፀጉር ቤት ይወዳደር፤ ከየዘርፉ የመጨረሻው ይልቀቅ አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ሊቀመንበሩ ጋሽ በየነም ቆጠራውን እኔው ላይ ጣሉት። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

ቀኝ ኪሴን በተምር ፍሬ ሞልቼ በየበሩ ተቀመጥኩ። ሰው በገባ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ግራ ኪሴ ይዞራል። ለእያንዳንዱ በር አንድ ሳምንት፣ ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ቆጠርኩ። ጁምዓ ገበያው ስለሚዘጋ አልቆጠርኩም፤ ይህ መቼም ማንም የሚያውቀው ነገር ነው ብዬ።

ስፌት ዘርፍ ውስጥ የመጨረሻዋ ሬሕማ ሆነች። ሬሕማ የወሎ ልጅ ናት። ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሀብታሞች ሰፈር በአንድ ቪላ ስድስት ዓመት በሠራተኝነት አገልግላ፣ ቡሪ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍልና አንድ የእጅ ስፌት መኪና ይዛ ነበር። በስድስት ቀን ዐሥራ አንድ ሰው ብቻ ገባላት፤ ከእሷ በላይ ያለው ሰፊ ዘጠና ነበረው። ልነግራት ሄድኩ። ሩክሳው ከተወሰደ ክፍሏን ፖሊስ እንደሚያሽግባት ሁለታችንም እናውቃለን። ተመልሳ የሰው ቤት ልትገባ ነው።

ጨርቁን ከመኪናው ሥር ሳታወጣ አዳመጠችኝ።

«ጋሽ ጸጋዬ፣ ጁምዓ ቆጥረሃል?»

«ጁምዓማ ሁሉም ዝግ ነው።»

«ለማን ነው ዝግ? የሪያድ ልጆች ከጁምዓ ሌላ መቼ ይወጣሉ? ወላሂ ቆጣሪ ነኝ ትላለህ!»

አፈርኩ። የማፍር ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን አፈርኩ። ደንበኞቿ ሁሉ የቤት ሠራተኞች ናቸው። እኔ የቆጠርኩት እነሱ የሰው ወለል በሚወለውሉባቸው ስድስት ቀናት ነበር።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ በሯ ላይ፣ መንገደኛ ውሃ ከሚጠጣበት፣ ዚር ከሚሉት የሸክላ ጋን አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጆቹ በሃፍላ አውቶቡስ ተጭነው፣ የተጠቀለሉበትን ቶብ እያስተካከሉ መጡ። አንዷ ከወልዲያ የመጣላትን ደብዳቤ ትወስዳለች። አንዷ ፓስፖርቷን ማዳሟ እንዳታገኘው አደራ ትሰጣለች። ሌላዋ ለእናቷ የምትልከውን ጫማ ታስቀምጣለች። ልብስ ያሰፉት አራት ናቸው። ናስራ የምትባል ልጅ ገብታ፣ ሰላም እንኳ ሳትል፣ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛች።

«ይቺስ ምን ልትባል ነው?» አልኳት ሬሕማን በሹክሹክታ።

«በሳምንት አንዴ ጠግባ የምትተኛው እዚህ ነው። ቁጠራት።»

ቆጠርኳት። ማምሻው ላይ ግራ ኪሴ ውስጥ ስልሳ አንድ ፍሬ ነበር።

ለጋሽ በየነ ስፌት ብለን መመደባችን ስህተት ነው፣ ይቺ ሴት ሌላ ዘርፍ ናት አልኳቸው። በመዝገቡ ላይም «መልእክትና አደራ» ብዬ አዲስ ዘርፍ ጻፍኩ። ጋሽ በየነ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«እዚህ ዘርፍ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«እሷ ብቻ።»

«ብቻዋን ከሆነች የመጨረሻዋም እሷው ናት። የመጨረሻው ይለቃል ያልከው አንተ ነህ።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ሕጉን እኔ አውጥቼ እሳቸው አከበሩት፤ ጥፋታቸው ይኸው ነው። እዚያው ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ከሬሕማ ጋር የሚወዳደር፣ መልእክት የሚቀበል፣ የሰው ምስጢር የሚይዝ ሌላ ማን አለ? ደብዳቤ የሚጽፍና የሚያነብ አንድ ሰው አውቃለሁ። እስክሪብቶዬን አወጣሁና ስሜን ከሌሎች ጸሐፊዎች ጋር ከነበረበት ከጽሕፈት ዘርፍ ሰርዤ ከእሷ ሥር ጻፍኩ።

«የዚህ ዘርፍ መቆጠሪያ ቀን ጁምዓ ነው» አልኩ። «ሬሕማ ስልሳ አንድ። ጸጋዬ ዜሮ።»

«ዜሮ?»

«ያን ቀን እሷ በር ላይ ነበርኩ። ወንበሬ ታጥፎ ነው የዋለው።»

ጋሽ በየነ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጸጋዬ፣ አውቀህ ነው?»

«ቁጥሩ ትክክል ነው» አልኩ።

ትክክል ነበር። በሕይወቴ ሐሰተኛ ቁጥር ጽፌ አላውቅም። ሩክሳዬን ኤደን የምትባል ፀጉር ሠሪ ወሰደች፤ እኔም ጃንጥላዬን አጥፌ ቡሪ ገባሁ። ሬሕማ ከመኪናዋ ጎን አንድ ጠረጴዛ አስገብታ ቆየችኝ።

ዘጠኝ ዓመት በእሷ ሩክሳ አብረን ሠራን። እሷ ትሰፋለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ዘርፉ ሁለት ሰው እንዲኖርበት በየዓመቱ ስሜን ከእሷ ሥር በዜሮ አስጽፍ ነበር፤ የራሴ በር የለኝማ። በእነዚያ ጁምዓዎች ክፍሏ በሳቅና በወሎ ወሬ ሲሞላ፣ «ያላ ጋሽ ጸጋዬ፣ ለእናቴ ደህና ነኝ በልልኝ!» እያሉ ከበው ሲያጣድፉኝ፣ እየተነጫነጭኩ እጽፍ ነበር። ይናፍቀኛል። መነጫነጬ ራሱ ይናፍቀኛል። እወድሻለሁ አላልኳትም። ለስንት ሰው የፍቅር ደብዳቤ የጻፍኩ ሰው ለራሴ አንድ መስመር አቃተኝ።

ከዚያ ሞባይል መጣ። ልጆቹ እናታቸውን በድምፅ ማግኘት ጀመሩ፤ የሚመጣው ሰው ሠላሳ፣ ኋላም ሃያ ሆነ። የሬሕማ እናት ታመሙና አገሯ ገባች። ሩክሳውን በስሜ አዙራ፣ ስፌት መኪናዋን ትታልኝ፣ «ኢንሻአላህ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። አልተመለሰችም። እዚያው አገባች አሉ።

በዚያው ዓመት ጋሽ በየነ መዝገቡን ይዘው መጡ። አርጅተዋል፤ ከእኔ የተረከቡትን ቆጠራ ግን ለማንም አላስረከቡም። ከዚሩ ውሃ ጠጥተው ተቀመጡና ገጹን ገለጡ።

«መልእክትና አደራ» አሉ። «ጸጋዬ፣ ዐሥራ ስምንት። እንግዲህ ብቻህን ቀረህ። ብቻውን የሆነ ደግሞ...»

«አውቃለሁ፤ ሕጉ የኔ ነው» አልኩ። «ሬሕማን አይሰርዟት።»

እስክሪብቷቸው ስሟ ላይ ቆመ። በሩን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ስንት ልጻፍላት?»

«ዜሮ ይጻፉላት» አልኳቸው።

ጻፉ። የመጨረሻዋ እሷ ሆነችና ሩክሳው እኔ ዘንድ ቀረ። ቁጥሩም ትክክል ነበር፤ በሯን ከፍታ የገባች ሬሕማ አልነበረችም። እንደዚያ የከበደኝ ቁጥር ግን ቆጥሬ አላውቅም።