ስስበው ለምን ሄደ

ሳብኩት። ትራፊክ ፖሊሱ ሲጠይቀኝም፣ እናቴ ስትጠይቀኝም፣ ሰፈሩ በሙሉ ሲጠይቀኝም መልሴ ይኸው ነበር። ጓደኛዬ ሃና ድንገት መንገድ ውስጥ ስትገባብኝ የባጃጁን መሪ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ደረቴ ሳብኩት። ባጃጁ ግን መቆሙ ቀርቶ ተስፈንጥሮ ሄደና እግሯን ሰበራት።

ያዩት ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ "እንቁ ፍጥነት ጨመረች።" ሱቅ በር ላይ የነበሩት ሴትዮ ሞተሩ ሲያጓራ በጆሯቸው ሰምተዋል። እኔ ደግሞ ውሸታም አይደለሁም። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት ይሆናሉ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳሰላስለው ራሴን አዞረኝ።

ይባስ ብሎ ከሃና ጋር ተኳርፈን ነበር። የፊዚክስ ደብተሬን ለፈተና ሁለት ቀን ሲቀረው ጣለችብኝና ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ "ቆይ አሳይሻለሁ" አልኳት። የሚባል ነገር ነው፤ ማንም ይለዋል። አሁን ግን እሷም ክፍሉም ያንን ቃል ይዘው ቀሩ። ከልጅነታችን ጀምሮ ተለያይተን አናውቅም፤ ልጠይቃት ብሄድ ግን "ተኝታለች በሏት" አለች። ድምፅዋን ከውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ።

ባጃጁ የአባቴ ነው፤ መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። አባቴ ደጉ በእንጅባራ የታወቀ ፈረሰኛ ነው፤ ጥር 23 በፈረሰኞች በዓል ሜዳው ላይ ሲጋልብ ሰው ያጨበጭብለታል። እኔንም ገና በስድስት ዓመቴ ኮርቻ ላይ አውጥቶኛል። የባጃጅ ማሰልጠኛ ልግባ ስለው ሳቀብኝ። "ፈረስ የጋለበ ሰው ለዚህ ቆርቆሮ ትምህርት ቤት ይገባል?" አለኝ። ሜዳ ላይ አራት ቀን ነዳሁ፤ ፍሬኑን በእግሬ ስረግጠውም ይቆምልኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ያለ መንጃ ፈቃድ አስፋልት ወጣሁ። ከአደጋው በኋላ አባቴ "የተበላሸው ባጃጁ ነው" እያለ መካኒክ ቢያመላልስም ምንም አልተገኘበትም።

የፖሊሱ ጉዳይ ሲያልቅ እናቴ እየጎተተች ማሰልጠኛ አስገባችኝ። አሰልጣኙ ሰውነት ይባላል፤ ዝግ ያለ፣ የማይቆጣ ሰው ነው። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አልሳቀብኝም፣ ውሸታምም አላለኝም። ባጃጁ ላይ አስቀምጦኝ እንዳይንቀሳቀስ ማርሹን ዜሮ ላይ አደረገና ሞተሩን አስነሳ።

"ዓይንሽን ጨፍኚ" አለኝ። "ፈረስ እየጋለብሽ ነው። ሕፃን ፊትሽ ገባ።"

ሳብኩ። ሞተሩ አጓራ።

"አሁን እጅሽን እይው።"

አየሁት። የቀኝ እጄ አንጓ ወደ ኋላ ተጠምዝዟል፤ ነዳጅ የሚሰጠው እጀታ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። እግሬ ፍሬኑ አጠገብ እንኳን አልነበረም። ፈረስ ላይ ደንግጦ ፍሬን የሚረግጥ የለማ።

"ፈረስ ሲሳብ ይቆማል፤ ይኼ ሲሳብ ይሄዳል" አለ ሰውነት። "እጅሽ የለመደውን ነው ያደረገው። እዚህ የምትመጪውም ሌላ እንዲለምድ ነው።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የበለጠ ግራ ገባኝ። አልዋሸሁም፤ የጨመርኩትም እኔ ነኝ። ይኼ ጥፋት ይባላል ወይስ ሌላ ስም አለው? እቤት ገብቼ ለአባቴ በእጄ እያሳየሁ ነገርኩት። እጄን ይዞ አንጓዬን ራሱ ወደ ኋላ ጠምዘዝ አድርጎ አየው። ለሃና ልነግራት ስነሳ ጋቢውን ለብሶ ቤታቸው ድረስ ተከተለኝ።

በዚህ ጊዜ ግን እናቷ አስገቡን። ሃና እግሯ በጀሶ እንደታሰረ አልጋ ላይ ተጋድማለች። አባቴ በሩ ላይ ቀረ።

"ፍጥነት የጨመርኩት እኔ ነኝ" አልኳት፤ እንዴት እንደሆነም አስረዳኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ሆን ብላ ነው ብዬ ጠላሁሽ" አለች። "አሁን ማንን ልጥላ?"

አባቴ ወደ ውስጥ ገባ። ሰው ፊት እንዲህ አንገቱን ደፍቶ አይቼው አላውቅም።

"እኔን ጥዪ፣ ልጄ" አላት። "ልማር ስትለኝ የሳቅኩባት እኔ ነኝ።"

ሃና በጀሶ ያለውን እግሯን በሁለት እጇ አንስታ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችና አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። አባቴን ግን ማንም ተቀመጥ አላለውም።