አየር የሆነው የሻወር በር

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ቅንጣት ጨምሬበት ከሆነ ምላሴ እንደ አሮጌ ሶል ይድረቅ። «በሬ ወለደ» ማለት የሚወድ ሰው ከወዲሁ ሌላ ገጽ ይግለጥ።

የሻወራችንን የመስታወት በር የገጠምኩት እኔው ነኝ፣ በእነዚህ እጆቼ። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ሊያየው ተሰልፎ ነበር። ውሃችን ግን ጨው የበዛበት ነው፤ እያንዳንዱ ጠብታ ሲደርቅ ነጭ ምልክት እየተወ፣ እያደር በሩን አሳወረው። አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቴ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብቅ አለች።

«ስማ፣ የኔ ጀግና፣ ከሰዓት በኋላ አናጢው ይመጣል። እስከዚያ ከጠራ ይቀመጥ። ካልጠራ ነቅሎ ይወስደዋል፤ የላስቲክ መጋረጃ እሰቅላለሁ።»

«ላስቲክ? እኔ በሕይወት እያለሁ?»

«አንተማ አለህ። በሩ ነው የሞተው።»

አማቴ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከሉ ነበር። ሳቃቸውን ከክሩ ጋር ነከሱት።

ወዲያው አቼቶ አሞቅሁ። ስንት ብትሉኝ፣ ያን ቀን የከተማው ሰላጣ ሁሉ ያለ አቼቶ ተበላ። ጨርቅ ነክሬ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩና፣ ጨው እስኪለሰልስ ብዬ በርጩማዬን ፊት ለፊቱ አድርጌ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ጉዱ የመጣው ይሄኔ ነው። ነጩ ነገር እንደ ማለዳ ጉም ቀስ እያለ ይነሳ ጀመር። ከጉሙ ወዲያ ሐይቅ ታየኝ። የደረቁት ጠብታዎች ሁሉ ነጫጭ ወፎች ሆነው ውሃው ላይ ሰፍረዋል፤ በየክንፋቸው ሥር ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ስትታጠብ የምታንጎራጉረው ዜማ ተሸጉጧል። ከሩቅ አንድ ነገር ቂ...ቅ፣ ቂ...ቅ ይላል፤ የጀልባ መቅዘፊያ መሰለኝ። «እፍ!» ብላቸው ወፎቹ ባንዴ ተነሥተው በአናቴ ላይ አለፉ። ከክንፋቸው የወረደ ጠብታ ፊቴን አረጠበው፤ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ከዚያ ሐይቁ ጸጥ አለ።

ዓይኔን ስገልጥ በሩ ጠርቷል። ጠርቷል ስላችሁ! መስታወትነቱን ትቶ አየር ሆኗል። እጄን ብሰድ አለፈ። ደግሜ ብሰድ ደግሞ አለፈ።

ባለቤቴ ከሥራ እንደገባች ጫማዋን ሳታወልቅ እየጎተትኩ ወሰድኳት።

«እይ! አናጢሽ አይቶት አፍሮ ተመልሷል! መስታወት ከዚህ በላይ ከጠራማ ይጠፋል!» ብዬ ክንዴን እስከ ብብቴ አስገባሁላት።

አፏን በመዳፏ ያዘች። በአድናቆት ነው።

አማቴ ከመርፌያቸው ቀና ሳይሉ፣ ቀስ ብለው፣

«ልጄ» አሉ፤ «አንተ ስታንኮራፋ አናጢው መጥቶ ነቅሎ ወሰደው። የከፈትኩለትም እኔ ነኝ። እንቅልፍህ አሳዝኖኝ አልቀሰቀስኩህም።»

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

«ጨርቁ ያረፈባት ቦታ ግን፣ መዳፍ የምታህል፣ ጠርታ ነበር።»