የአያ ገዱ የሰደፍ ጎማ

ለደባርቅና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፦ የአያ ገዱ ምንሽር የሰደፍ ጎማ ማክሰኞ ጠዋት ተሰነጣጥቆ ከዚህ ዓለም ድካም ማረፉን በጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። ዕድሜውን ሙሉ የባለቤቱን ትከሻ ከጠመንጃ ርግጫ ሲጠብቅ የኖረ፣ በማንም ላይ ክፉ ያልተናገረ ጎማ ነበር።

የገደለው ፍቅር ነው። አያ ገዱ ክረምት በወጣ ቁጥር ምንሽሩን አውርደው ብረቱን በዘይት ሲወለውሉ፣ «እሱስ ምን በደለ?» እያሉ ጎማውንም ይቀቡታል። ዘይት ለብረት ይስማማል፤ ጎማ ግን ይታመምበታል። መጀመሪያ እንደ ሊጥ ተልመጠመጠ፣ ኋላ እንደ ደረቅ ቂጣ ፈረሰ።

ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ግን ያ ጠመንጃ ከተከፋፈለ ወዲህ ተተኩሶበት አያውቅም። አያ ገዱና ጎረቤታቸው ዋሴ በእርሻ ድንበር ተጣልተው ደም ሊፋሰሱ ሲሉ፣ ሽማግሌዎች ገብተው ምንሽሩን ሦስት ቦታ ከፋፈሉት። ጠመንጃው ራሱ አፈሙዙን ወደ ታች ደፍቶ ከምሰሶው ይሰቀላል። ጥይት ማጉረሻ ብረቱ፣ ያለ እሱ ምንሽር ዱላ ነው፣ በባለቤታቸው በእቴ ገበያነሽ ሳጥን ተቆልፎበታል። ጥይቱ ደግሞ ከነፍስ አባታቸው ከቄስ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ነው። ሁለቱ ጎረቤቶች ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም።

ታዲያ የማይተኮስበት ጠመንጃ አዲስ ጎማ ምን ያደርግለታል? አያ ገዱ ግን የእቴ ገበያነሽን ነጠላ ጫማ አንስተው በሰደፉ ልክ ይቆርጡ ጀመር።

«ኧረ አንቱ! እኔ በምን ልሂድ?»

«በሌላኛው።»

«ባንድ እግሬ?»

«ቀስ ብለሽ።»

ወሬው ወዲያው ገበያ ደረሰ። የፊዚክስ መምህሩ ምሥጋናው ሻይ ቤት ተቀምጦ ማብራሪያ ሰጠ፦ «ሪኮይል ይባላል። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይራገጣል። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ለትከሻው ፍራሽ የሚያነጥፍ ሰው ሊተኩስ ነው።»

«በማን ላይ?» አለ አንዱ። ሁሉም ወደ ዋሴ ቤት ዞሮ አየ።

ዘመዶቹ ዋሴን «ቶሎ ብለህ ዳባት ውረድ!» አሉት።

«እናቴን ለማን ጥዬ?» አለ። እናቱ እማሆይ ምሥራቅ እቤት ውስጥ ተኝተው እያጣጣሩ ነበር።

ሐሙስ ዐረፉ። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ አያ ገዱ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ፊት ቀርበው እጃቸውን ዘረጉ። ቄሱ ዐይን ዐይናቸውን አይተው፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ አንድ ጥይት መዳፋቸው ላይ አኖሩ። እቴ ገበያነሽም ባንድ እግር ጫማ እያነከሱ ሳጥኑን ከፈቱ። ያየ ሁሉ አፉን በእጁ ያዘ። የተለያዩት ሦስቱ ተገናኙ።

ቀባሪው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲደርስ አያ ገዱ ከነምንሽራቸው ብቅ አሉ። ሕዝቡ ሳይታዘዝ ወዲያና ወዲህ ተከፈለ። መካከል ላይ የቀረው ዋሴ ብቻ ነው፤ ነጠላውን አደግድጎ ከእናቱ ራስጌ ቆሟል። ሊሸሽ ይችል ነበር። ቃሬዛውን በአንድ እጁ ያዘና ቆመ።

አያ ገዱ የነጠላ ጫማውን ቁራጭ ትከሻቸው ላይ አደላደሉ። አፈሙዙን ወደ ሰማይ፣ ከሊማሊሞ ገደል በላይ፣ ማንም ወደሌለበት ቀኑ። ተኮሱ።

ድምፁ ገደሉን ወረደ፤ አንዱ ተራራ ለሌላው ሲያቀብለው ቆይቶ፣ ከወዲያ ማዶ የብዙ ሕዝብ ልቅሶ መስሎ ተመለሰ። ቁራዎቹ ሁሉ ተነሡ። ምሥጋናው ፊዚክሱ ጠፍቶት ባርኔጣውን አወለቀ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ያለ ተኩስ አይቀበርም፤ ዋሴ ደግሞ ጠመንጃ የለውም። አያ ገዱ ግን እንደ ቆሙ ናቸው፤ አንዲት ስንዝር አልተንገዳገዱም።

ዋሴ እያለቀሰ ቀረበ። «አያ ገዱ፣ ያን ሁሉ ቂም ይዘው... ስለ ምን?»

«አልናገርም።»

«ለነፍስ አባትዎም?» አሉ ቄስ ወልደ ሩፋኤል።

አያ ገዱ ማጉረሻ ብረቱን ነቅለው ለእቴ ገበያነሽ ሰጡ።

«አልናገርም አልኩ እኮ!»