ሱሀይላ የተናገረች ዕለት

መኪያ መገናኛ ባላት የጨርቅ ሱቅ አንድ ልጇን ሱሀይላን አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ልትድራት ደርሳ ነበር። ሙኽታር የሚባል የወሎ ልጅ ሽማግሌ ልኮ፣ ኒካው ከረመዳን በፊት እንዲታሰር ቀን ተቆርጧል።

መኪያ በሆዷ የያዘችው አንድ ነገር ነበር። አያቷ ፍሬ በልጅነቷ ተሸጣ ወሎ የገባች ሴት ናት። አዋጅ ወጥቶ ነፃ ብትባልም፣ የመንደሩ ሰው እስክትሞት ድረስ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። መኪያም አዲስ አበባ የመጣችው ይህንን ሸሽታ ነው። ሱሀይላ ዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ግን ነገረቻት። “ካንቺ እንዳይወጣ” ብላ አስምላ።

ሱሀይላ ሩዋንዳ ሰፈር ባለ አንድ የመብት ድርጅት ትሠራለች። ድርጅቱ የባርነት ማስወገጃ ቀንን በሆቴል አዳራሽ ሲያከብር ተናጋሪ ጠፋ። ሱሀይላ መሐላዋን አፍርሳ መድረክ ላይ ወጣች።

“ቅድመ አያቴ ፍሬ ትባላለች። እንደ ዕቃ ተሸጣለች። እኔ የእሷ ዘር ነኝ፤ አላፍርም!”

አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። መኪያ ድርጅቱ የለቀቀውን ቪዲዮ ሱቋ ውስጥ ሆና በስልኳ አየችው። የጨርቁ ጥቅል ላይ ተቀመጠች።

ሳምንት ሳይሞላ የሙኽታር አጎት አብዱልናስር ቤቷ መጣ። የቀረበለትን ሻይ አልነካም።

“እት መኪያ፣ ልጅሽ ጨዋ ናት። እኛ አንጠላትም።”

“ታዲያ ምን ጎደላት?”

“ታውቂዋለሽ እኮ። ዘመድ አዝማድ ምን ይለናል? ነገ የሚወለዱት ልጆችስ?”

“በዲናችን እንዲህ አለ እንዴ?”

“የለም” አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። “እኛ ጋ ግን አለ።”

ሙኽታር ስልክ ማንሳት አቆመ። በመጨረሻ “አጎቴን እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ አውፍ በይኝ” የሚል መልእክት ላከ።

“ሁሉም ተነሥተው አጨበጨቡልኝ እኮ፣ እማ” እያለች አለቀሰች ሱሀይላ።

“ያጨበጨቡልሽ ሊያገቡሽ አይደለም፣ ልጄ።”

ወሬው መገናኛ ደረሰ። የመኪያ አገር ልጆች ሱቋን እያዩ ያልፋሉ፤ የሚገባ ጠፋ። ሱሀይላ ቪዲዮውን እንዲያነሱላት አለቃዋን ለመነችው። “ስንት ሰው አይቶታል! የሚያኮራ ነገር እኮ ነው” ብሎ መለሳት። በማግስቱ ሥራ አልሄደችም፤ ከዚያም ወዲያ አልሄደችም።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንደተኛች፣ “እማ፣ አባባ ሲያገባሽ ያውቅ ነበር?” አለቻት።

“አያውቅም።”

“ቢያውቅስ ኖሮ?”

መኪያ የልጇን ጀርባ ዳበሰች።

“ያንኑ እየፈራሁ ነው አብሬው የኖርኩት። እስከቀበርነው ቀን ድረስ።”

ሱሀይላ አልዞረችም።