በመሳቢያው ውስጥ የቀሩት ወረቀቶች

መጽሐፍ ጠራዡ በየጠዋቱ ክብሪት ሊገዛ ይወጣል። ቤቱ ውስጥ ክብሪት ተቆልሏል። የሚወጣውም ለክብሪት ሳይሆን ከሱቁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የመጻሕፍት ሣጥን ሊሰልል ነው።

ሣጥኑ የባለሱቋ አሮጌ የዕቃ ቁምሳጥን ነበር። መስታወቱን ወልውላ፣ «ውሰዱ፣ አንብቡ፣ መልሱ» ብላ ጽፋ ደጇ ላይ ሰቀለችው። ሰፈርተኛው ያለውን አዋጣ። ጠራዡ አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት የሰው መጽሐፍ ሲሰፋ ኖሮ ጡረታ የወጣ ነውና ከማንም ማነስ አልፈለገም። አሥራ ሁለት ቀን ወገቡ እስኪቆረጥ ጎንብሶ ስለ አንድ መርከበኛ ሕይወት የሚተርክ መጽሐፍ በቀይ ቆዳ ጠረዘና አስገባ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ደንበኞቹ ወረፋ ሲጠብቁ የሚያገላብጡትን፣ ሽፋን የሌለውን የፍቅርና የስርቆት ልብ ወለድ ወርወር አድርጎ ሄደ።

ሦስት ወር ሆነ። ጠራዡ መጽሐፍ መነበቡን ለማወቅ ማንንም አይጠይቅም፤ የወረቀቱን ጠርዝ ያያል። የፀጉር አስተካካዩ መጽሐፍ ጠርዙ ጠቁሯል፣ ማዕዘኑ ታጥፏል፣ ሆዱ ተነፍቷል። ያውም ሣጥኑ ውስጥ ሲገኝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰው እጅ ላይ ነው። ቀዩ ቆዳ ግን እንዳስቀመጠው አለ።

«ጋሼ፣ ዛሬም ክብሪት?» ትለዋለች ባለሱቋ። «ሰፈሩን ሊያቃጥሉት ነው እንዴ?»

«እርጥቡን እየሸጥሽልኝ ነው» ይላል፣ ዓይኑን ከሣጥኑ ሳይነቅል።

አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ ራሱ በሩን አንኳኳ። መጽሐፉን እንደታመመ ሕፃን አቅፎታል።

«ጋሼ፣ ሆድ ዕቃው ተዘርግፏል። ሰው እየተሻማ ገነጣጠለው። ከእርስዎ ሌላ ማን ያድነዋል?»

«እየተሻማ» የምትለዋ ቃል ጠራዡን እንደ ወስፌ ወጋችው። «አስቀምጠው» አለ።

ሰውየው እንደወጣ ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «ቶሎ ስፋው እባክህ። ቀጣዩ ተራ የእኔ ነው።»

«ያንቺ?»

«ሁለት ሳምንት ጠብቄያለሁ።»

እሱን በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ሁለት ሰዓት ጠብቃው አታውቅም። ለራት ከዘገየ በልታ ትተኛለች።

መስፋት ጀመረ። ስምንት ቅጠል ወረቀት ሲቀረው እጁ ቆመ። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ባዶ ነበር፤ መጽሐፉን የጨረሰ ሁሉ እዚያ ጽፎበታል። «ጨረስኩ፣ ባለሱቋ።» «ሁለት ጊዜ ጨረስኩ፣ ቧንቧ ሠራተኛው።» «አልቅሼ ጨረስኩ፣ ለማንም እንዳትናገሩ፣ ዘበኛው።» አሥራ አራት ሰው። ጠራዡ ስምንቱን ቅጠል መሳቢያው ውስጥ ከተታቸው። የቀረውን ሰፍቶ ለሚስቱ ሰጣት።

አራት ቀን ሙሉ ምድጃው ሥር ቆማ፣ በአንድ እጇ ድስት እያማሰለች በሌላው እጇ ይዛ አነበበች። ብቻዋን ትስቃለች። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ «መጨረሻው የታለ?» ብላ ጮኸችና ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ሱቁ በረረች።

ጠራዡ መስኮቱን ገርበብ አደረገ። መጨረሻ የሌለውን መጽሐፍ ሰው አንቅሮ ይተፋዋል ብሎ ነበር። ሣጥኑ ሥር የተሰበሰበው ሕዝብ ግን መንገድ ዘግቷል። ፀጉር አስተካካዩ መሐል ቆሞ መጨረሻውን ይተርካል፣ ዘበኛው «እንደሱ አይደለም!» ይላል፣ ሌላው ያርማል፣ ሳቁ መስኮት ያንኳኳል።

ሚስቱ ዓይኗን እየጠረገች ተመለሰች።

«ፀጉር አስተካካዩ ምን አለ?» አላት።

«‹ለጥረዛ ስወስደው ወረቀቱን በመንገድ ጥዬው ይሆናል› ብሎ ሰውን ሁሉ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በቃሉ ተረከልን።» ተቀመጠች። «መጨረሻውን እንኳ ሰማሁት። ስሜን ግን የት ልጻፍ?»

ጠራዡ ተነሣ፣ መሳቢያውን ሳበ፣ ስምንቱን ቅጠል ጉልበቷ ላይ አኖረው።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ያንተ እጅ ወረቀት አይስትም። ቅናት ነው አይደል?»

«የእኔን አንድ ሰው እንኳ አልነካውም!»

«እኔ ነክቼዋለሁ፣ በመጀመሪያው ቀን። አይከፈትም አንተ ሰው! ከርችመኸዋል። በሁለት እጄ ፈልቅቄ ብይዘው አፍንጫዬ ላይ ጥርቅም አለ። ልጅ ያቀፈ ሰው በየትኛው እጁ ያንብብልህ? ለመሆኑ አንተስ አንብበኸዋል?»

ጠራዡ ወስፌውን መፈለግ ጀመረ። ወስፌው እጁ ላይ ነበር።

በማግስቱ የተሟላውን መጽሐፍ ይዞ ፀጉር ቤቱ ገባ። «ወረቀቱን አንተ አልጣልከውም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ቀንቼ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። «በዚህ ቡትቶ?» አለና ሳቀ። ከስድብ የባሰ ሳቅ ነበር፤ ጠራዡ ግን ቻለው።

ከዚያ የራሱን መጽሐፍ ከሣጥኑ አውጥቶ ቀዩን ቆዳ ገፎ ጣለ። ክሩን አላልቶ፣ ጀርባውን ስስ ጨርቅ አልብሶ፣ በአንድ እጅ የሚታጠፍ አድርጎ ሣጥኑ ውስጥ መለሰው። ውበቱ ሄዷል። ሲያየው አዘነ።

በሳምንቱ ክብሪት ሊገዛ ወጣ። መጽሐፉን አነሣና ጠርዙን አየ። ጠቆር ያለች መስመር አለች። ገለጠ። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ የወፈረ አውራ ጣት አሻራ ዐርፏል። አሸተተው፤ የፀጉር ቅባት ነው።

ልቡ በደስታ ዘለለች፤ ወዲያውም ያቺው የድሮዋ ቅናት ቆነጠጠችው። የደከመበት እሱ አንድ ገጽ ሳያነብ ፀጉር አስተካካዩ አሥራ አንደኛው ገጽ ደርሷል!

«ጋሼ፣ ክብሪቱስ?» አለች ባለሱቋ።

«ቆዪ እስኪ» አለና ግድግዳውን ተደግፎ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ።