የታወቀ ነጥብ

ሳተላይቷ በቀን ሁለቴ፣ አራት ሰዓት ተኩልና ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በደኑ ላይ ታልፋለች። በደን ጥበቃ ቢሮ ውስጥ የእሱ ሥራ የምትልከውን ምስል መመልከት፣ ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ ካየም ለእሳት አጥፊዎች መደወል ነበር። ግን ቀይ ሁሉ እሳት አይደለም። ፀሐይ የመታው ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያም ይቀላል፤ ደኑ ዳር ያለው የጡብ ምድጃማ ዕለት ዕለት ይቀላል። ሥራ በጀመረ ሰሞን በዚያ ምድጃ ምክንያት እሳት አጥፊዎቹን አራት ጊዜ በከንቱ አስሮጣቸው። "ለሻይ ውኃ ጥደናል፤ እሱስ ታየህ?" እያሉ ተሳለቁበት። ከዚያ ወዲህ ቢሮው ለእንዲህ ያለው ነጥብ "የታወቀ" የሚል ቁልፍ አበጀ። አንዴ ሲነኩት ነጥቡ ከካርታው ይጠፋል፤ ማንም ምንም አይጠይቅም።

ታላቅ እህቱ ከምድጃው በታች፣ ዛፎቹ መሀል ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት ትደውልና "አንተ ሰማይ ጠባቂ፣ እስቲ ያጠብኩት ልብስ ደርቆ እንደሆነ እይልኝ" ትለዋለች። ያን ቀንም እንደ ልማዷ ቀለደች። ቀጥላም ጡብ ሠሪው ከታመመ፣ ምድጃውም ከቀዘቀዘ ሦስት ቀኑ እንደሆነ፣ እዚያ የሚሠራው ባሏም ሥራ ፈትቶ ቤት እንደዋለ ነገረችው። እሱ "እሺ እትዬ፣ እሺ" እያለ ኮምፒውተሩን ይከፍት ነበር። ነገሩ ባንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ።

አራት ተኩል ላይ ምድጃው ያለበት ቦታ እንደ ወትሮው ቀላ። እጁ ከሐሳቡ ቀደመ፤ "የታወቀ" የሚለውን ነካ።

ሰባት ተኩል ላይ ነጥቦቹ አሥራ አንድ ሆነው ቁልቁል ወርደዋል። የጠዋቱ ወሬ ያን ጊዜ ትዝ አለው። ቃሉ እየተሰባበረ ለእሳት አጥፊዎቹ ቦታውን ነገራቸው። ከዚያ እህቱ ዘንድ ደወለ። አይነሳም። ደገመ፣ ሠለሰ። አለቃው ከኋላው ቆሞ፣ ማንም ቢሆን ይሳሳት ነበር፣ ነፋሱ ነው የከፋው አለው። አልሰማውም።

አሥር ሰዓት ላይ የእህቱ ባል ደወለ። ልጆቹን ይዞ ዋናው መንገድ ላይ እንደ ወጣ፣ እሷን ግን እሳቱ እንደ ቀደማት ነገረው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣው ይሻል ነበር።

"ጭሱን ከረፋድ ጀምሮ አይተነዋል" አለ። "እንውጣ ብላት እምቢ አለች። 'አንተ ልጆቹን ይዘህ ቅደም፣ እኔ ዕቃ ልሰብስብ። ወንድሜ ከላይ ያየናል፤ የሚያሰጋ ቢሆን ይደውል ነበር' አለችኝ።"

ሁለቱም ስልካቸውን እንደያዙ ቀሩ።