የአዩብ ድምፅ

አዩብ ጤነኛ ነጋዴ የማይሞክረውን ነገር ጀምሮ ነው የሞተው። መርካቶ መሀል፣ በቤተሰቡ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ፣ ለዓይነ ስውራን አማርኛ የሚያነብ የስልክ ፕሮግራም ይሠራ ነበር፤ ያውም በነጻ፣ ኮዱን ለፈለገ ሁሉ ክፍት አድርጎ። የሚያነበውም ድምፅ የራሱ ነው። እንግዲህ በዚያ ጫጫታ መሀል መቼ ድምፅ ይቀረጻል? ጁምዓ ቀን ነዋ! ነጋዴው ዘግቶ መስጊድ ሲገባ፣ እሱ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ይቀርጻል። እናቱ ሐጀራ «ሶላት ጥለህ ለስልክ ታወራለህ!» እያለች ስትቆጣው ኖራለች።

ግማሽ እንደደረሰ መኪና ገጨው። ፕሮግራሙም እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ ቃል ይውጣል፣ ይቆራረጣል፣ ዞር ብሎ ያየው የለም። ሐጀራ ብቻ አልተወችውም። ዓይኗ ደህና ያያል፤ ግን ጧት ማታ ስልኳን እያስነበበች ልጇን ትሰማለች። የሽንኩርት ዋጋም ቢሆን፣ የኳስ ወሬም ቢሆን ግድ የላትም።

እህቱ ማሂራ ደግሞ የወንድሟ ልፋት ሜዳ ላይ ሲቀር አንጀቷ አልችል አለ። ኮዱን ከፍታ ትግል ገጠመች። ሊያግዛት የመጣው ፕሮግራመር ብሩክ ግን ቁርጡን ነገራት።

«የሁለት ሰው ድምፅ አይቀላቀልም፣ ማሂ። ወይ አንድ ሰው ሁሉንም እንደ አዲስ ይቅረጽ፣ ወይ ይቅር።»

አለቀሰች። ከዚያ ራሷ ቀረጸች፣ ጁምዓ ጁምዓ፣ እሱ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ። ለራሷ ግን ምላለች፦ አዲሱ ከመውጣቱ በፊት የእናቷ ስልክ ራሱን እንዳያድስ ትዘጋዋለች፤ እዚያ አዩብ እንዳለ ይቆያል።

አዲሱ በወጣ ቀን ዓይነ ስውራኑ ከየክፍለ ሀገሩ እየደወሉ ምርቃት አዘነቡባት። በደስታ ብዛት መሐላዋን ረሳች። ሐጀራ ምሳ ይዛላት ሱቅ መጣች፤ ስልኳም የሱቁን ዋይፋይ እንዳገኘ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን አደሰ።

እናት አረፍ ብላ ዜና ከፈተች። የማሂራ ድምፅ ጥርት ብሎ፣ አንድ ቃል ሳይውጥ ማንበብ ጀመረ።

ሐጀራ ስልኩን አገላብጣ አየችው። «አዩብስ?»

ማሂራ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ኡሚ፣ ወላሂ አልጠፋም! አሮጌው አለ፤ አሁኑኑ እመልስልሻለሁ፣ ስጪኝ።»

ሐጀራ አልሰጠቻትም። ዜናውን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ተይው» አለች። «ይረፍ በቃ። ከሞተም በኋላ እኮ አላሳረፍኩትም።»